የወፍ ተመልካቾች ጉዞ ወደ ካናዳ የሜዳ ሐይቆች

ወፍንና ንግድን ምን ያገናኛቸዋል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ስለ ቡናና ስለ ቅባት እህል፥ ስለ ጭነትና ስለ ቀረጥ ማንበብ የለመደ የንግድ ሰው በዚህ ገጽ ላይ የወፍ ወሬ ሲያገኝ ቢገረም አይፈረድበትም። ሆኖም የአሜሪካ መንግሥት በ2022 ዓ.ም. ባስጠናው ጥናት መሠረት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት ጀምሮ ካሉት የአገሩ ነዋሪዎች ውስጥ 96 ሚሊዮን የሚሆኑት ወፍ የሚመለከቱ ሲሆኑ፥ ለዚሁ ጉዳይ በዓመቱ ያወጡት ገንዘብ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ቁጥሩ ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ በመስኮቷ ሥር ጥሬ በትና ድንቢጥ የምትመለከት ባልቴትም ተቆጥራበታለች። ወፍ ለማየት ብለው ከቤታቸው ርቀው የሚጓዙት 43 ሚሊዮን ያህሉ ብቻ ናቸው። «ብቻ» ማለታችን ከጠቅላላው ጋር በማነጻጸር ነው እንጂ፥ አርባ ሦስት ሚሊዮን መንገደኛ አልጋ፥ ምግብና ነዳጅ የሚፈልግ ሰፊ ገበያ ነው።

እንዲህ ያሉት መንገደኞች በመፀው ወራት ከሚያዘወትሩዋቸው ሥፍራዎች አንዱ በሰሜን አሜሪካ መካከል የሚገኘው፥ ፕሬሪ እየተባለ የሚጠራው ታላቅ የሣር ሜዳ ነው። ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት ምድሩን ሸፍኖ የነበረው ግግር በረዶ እየቀለጠ ሲያፈገፍግ ሥፍር ቁጥር የሌላቸው ጎድጓዳ ቦታዎችን ትቶ ሄደ፤ እነርሱም የበረዶና የዝናም ውሃ እየሞላባቸው ኩሬና ሐይቅ ሆኑ። ይህ ባለ ኩሬ ምድር በካናዳ ከአልበርታ፥ ከሳስካችዋንና ከማኒቶባ ተነሥቶ በአሜሪካ እስከ አዮዋ ይደርሳል፤ ስፋቱም 700 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአህጉሩ ዳክዬ ከግማሽ የሚበልጠው የሚፈለፈለው በዚሁ ምድር ስለ ሆነ የአገሩ ሰዎች «የዳክዬ ፋብሪካ» ይሉታል። ክረምቱ ሲቃረብ ውሃው ወደ በረዶነት ስለሚለወጥ፥ በዚያ የተፈለፈሉትም ሆኑ ከዋልታው አካባቢ የሚመጡት ወፎች ሁሉ በመስከረምና በጥቅምት በእነዚሁ ሐይቆች ላይ ተሰብስበው፥ ስብ አጠራቅመው፥ ወደ ደቡብ ይጓዛሉ።

በእኛ አገር የመስቀል በዓል በሚከበርበት ሰሞን፥ ከሳስካችዋን ዋና ከተማ ከሬጂና አንዲት አነስተኛ አውቶቡስ ዘጠኝ ተመልካቾችንና አንድ የጉዞ መሪ ይዛ ገና ሳይነጋ ተነሣች። ከተጓዦቹ መካከል ጡረታ የወጡ መምህራን፥ አንዲት ነርስና አንድ የእህል ነጋዴ ነበሩባቸው። የሩቅ ማሳያ መነጽር በአንገቱ ያላንጠለጠለ አልነበረም፤ ሁለቱ ደግሞ ባለ ሦስት እግር ቴሌስኮፕ ይዘዋል። መንገዱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲወስድ ግራና ቀኙ የታጨደ የስንዴ ማሳ ነው። ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ ስለ ነበር መስኩ ነጭቷል።

የመጀመሪያው ማረፊያቸው የላስት ማውንቴን ሐይቅ ሰሜናዊ ጫፍ ነበር። ስለዚህ ሥፍራ ጥቂት ማለት ይገባል። በ1887 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ወደዚያ አገር እንደሚገባና ሰፋሪ እንደሚከተለው በታወቀ ጊዜ፥ የግዛቱ አስተዳዳሪ የነበሩት ኤድጋር ዲውድኒ የሐይቁ ዳርቻ ለሰፋሪ ከመታደሉ በፊት ለወፎች ተለይቶ እንዲጠበቅ ለማዕከላዊው መንግሥት ሐሳብ አቀረቡ፤ መንግሥትም 1,000 ሄክታር ያህል መሬት ለየ። በሰሜን አሜሪካ ምድር ለወፍ ተብሎ በመንግሥት የተጠበቀ የመጀመሪያው ሥፍራ ይህ ነው። ባቡርና ሰፋሪ ከመጡ በኋላ ያንኑ መሬት መልሶ ለመግዛት የሚጠይቀውን ወጪ የንግድ ሰው ራሱ ሊገምተው ይችላል። በዚያን ጊዜ የጠየቀው ግን አንድ ውሳኔ ብቻ ነበር።

ጎሕ ሲቀድ ተጓዦቹ በሐይቁ ዳር ቆመው ነበር። በጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ግራጫ ቀለም ያላቸው፥ ግንባራቸው ቀይ የሆነ፥ ቁመታቸው አንድ ሜትር የሚያልፍ ክሬን የሚባሉ ወፎች በብዙ ሺህ ተጠጋግተው ቆመዋል። (በግንባታ ሥራ ላይ ከባድ ዕቃ የሚያነሣው ማሽን ክሬን መባሉ ከዚሁ ወፍ ስም የተወሰደ ነው፤ አንገቱን ዘርግቶ ያየው ሰው ምክንያቱን ወዲያው ይረዳዋል።) ሌሊቱን በውሃ ውስጥ ቆመው የሚያድሩት ኮዮቲ የሚባለው ቀበሮ መሰል አውሬ ውሃውን ሳያንቦጫርቅ ሊቀርባቸው ስለማይችል ነው። ፀሐይ ስትወጣ በመጀመሪያ ጥቂቶቹ፥ ከዚያም መቶው፥ ከዚያም ሺው እየተጠራራ ተነሣ። ድምፃቸው ከኪሎ ሜትሮች ርቀት የሚሰማና ጥሩምባ የመሰለ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲያሰሙት አጠገብ ለአጠገብ የቆሙ ሰዎች መነጋገር አይችሉም። ይህ ትርዒት ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየ። ከተጓዦቹ አንዱም ስለ ብርዱ አላማረረም።

ከውሃው የተነሡት ክሬኖች የሚሄዱት ወደ ገበሬው ማሳ ነው። በታጨደው ማሳ ላይ ቃርሚያ ቢለቅሙ ማንም አይከፋም፤ ነገር ግን ታጭዶ ገና ያልተወቃ እህል ሲያገኙ ከሚበሉት የሚረግጡት ይበዛል። ስለዚህም በጥበቃው ክልል ውስጥ ለወፎቹ ተብሎ የሚዘራ እህል አለ፤ በዚያ ሲጠግቡ ወደ ገበሬው ማሳ መሄዱን ይቀንሳሉ። በግዛቱ ያለው የሰብል ዋስትናም በዱር ወፎች ለጠፋ እህል ካሣ ይከፍላል። ከተጓዦቹ መካከል የነበረው የእህል ነጋዴ ይህን ሲሰማ፥ ወፍ በመድን ውል ውስጥ እንደ በረዶና እንደ ዋግ ሆኖ ሲገባ በሥራው ዘመን ያየ ቢሆንም የምትበላውን ወፍ ለማየት ገንዘብ ከፍሎ ሲመጣ ግን ይህ የመጀመሪያው መሆኑን ተናገረ።

ከሰዓት በኋላ መሪው አውቶቡሷን በአንድ የገጠር መንገድ ዳር አቁሞ ማንም እንዳይወርድ አዘዘ። ወፎች ከመኪና ይልቅ በእግሩ የቆመ ሰው ይፈራሉና፥ በዚህ ሥራ የተለማመዱ መሪዎች መኪናውን እንደ መሸሸጊያ ይጠቀሙበታል። በማሳው ውስጥ ሁለት ነጫጭ፥ ከሌሎቹ በቁመት የሚበልጡ ክሬኖችና ቀለሙ ገና የቀረፋ የመሰለ አንድ ጫጩት ነበሩ። እነዚህ «ሁፒንግ ክሬን» የሚባሉት ናቸው። ቁመታቸው አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ክንፋቸውን ሲዘረጉ ጫፉ ጥቁር ነው። በ1941 ዓ.ም. በዱር የቀሩት ጠቅላላ ከሃያ ሁለት አይበልጡም ነበር። ክረምቱን የሚያሳልፉበት በቴክሳስ ጠረፍ የሚገኘው አራንሳስ በ1937 ዓ.ም. በሕግ ተጠበቀ፤ የሚፈለፈሉበት ሥፍራ ግን እስከ 1954 ዓ.ም. አልታወቀም ነበር፤ በዚያ ዓመት በሰሜን ካናዳ በዉድ ባፋሎ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተገኘ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ሳስካችዋን በመንገዱ ላይ ለብዙ ቀን የሚያርፉበትና የሚቀለቡበት ነው። ዛሬ በዚህ መንገድ የሚመላለሰው መንጋ ከ500 በላይ ሆኗል። ሃያ ሁለቱን ወደ አምስት መቶ ለማድረስ ከሰማንያ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ክሬኗ በዓመት ሁለት ዕንቁላል ጥላ አብዛኛውን ጊዜ የምታሳድገው አንዱን ብቻ ነውና ከዚህ የፈጠነ ትርፍ የሚጠበቅ አልነበረም።

ማታ ተጓዦቹ ባረፉበት አነስተኛ ሆቴል ራት ቤቱ ሞልቶ ነበር። ግማሹ በአረንጓዴና በቡናማ ልብስ የተጀቦነ አዳኝ፥ ግማሹ መነጽር ያንጠለጠለ ተመልካች ነው። አዳኞቹ የመጡት ለዝይና ለግራጫው ክሬን ሲሆን፥ ይህ በሳስካችዋን በፈቃድ የሚፈጸም ሕጋዊ አደን ነው። ነጩን ክሬን መግደል ግን ከባድ ወንጀል በመሆኑ አዳኝ ከመተኮሱ በፊት ወፉን ለይቶ የማወቅ ግዴታ አለበት። ሁለቱ ወገኖች በሰላምታ አንገታቸውን ነቅነቅ ከማድረግ ያለፈ ብዙ አልተነጋገሩም። ለባለ ሆቴሉ ግን ልዩነት የላቸውም። የሐምሌና የነሐሴ ዋናተኞችና ዓሣ አጥማጆች ከሄዱ በኋላ፥ የመጀመሪያው በረዶ ከመውደቁ በፊት ባሉት ሳምንታት አልጋውን የሚሞሉለት እነዚህ ናቸው። በሆቴል ሥራ የቆየ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በሙሉ ወቅት የሚመጣ እንግዳ ጥሩ ነው፤ በባዶ ወቅት የሚመጣው ግን ከእርሱ ይበልጣል፤ የሠራተኛው ደመወዝና የሕንፃው ወጪ እንደሆነ ቀድሞውኑ ያለ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ይህ ሁሉ እንግዳ የሚመጣው ውሃ ስላለ ነው፤ ውሃው ደግሞ ዋጋ የሚያወጣ መሬት ላይ ተኝቷል። ሰፊ የእርሻ ማሽን የሚነዳ ገበሬ በማሳው መካከል ያለችውን ኩሬ በዞረ ቁጥር ዘር ይደራረባል፥ ነዳጅም ይባክናል፥ ጊዜም ያልፋል፤ ስለዚህ ቦይ ቀድዶ ቢያደርቃት ሒሳቡ ትክክል ነው። በዚህ ሒሳብ አዮዋ ከነበራት ረግረግና ኩሬ ከአሥር እጅ ዘጠኝ ያህሉን፥ ሰሜን ዳኮታ ግማሽ ያህሉን አጥተዋል። የገበሬውን ሒሳብ የለወጠው ስብከት አልነበረም። አሜሪካ በ1934 ዓ.ም. ዳክዬ የሚያድን ሰው ሁሉ የሚገዛው ልዩ ቴምብር በሕግ ደነገገች፤ የመጀመሪያው ዋጋ አንድ ዶላር ነበር። በዚህ ገንዘብ መንግሥት የኩሬ ምድር ይገዛል ወይም ከገበሬው ጋር ይዋዋላል፤ እስካሁንም ከ6 ሚሊዮን ኤከር በላይ በዚሁ መንገድ ተጠብቋል። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ኩሬ አድርቆ እህል የዘራ ገበሬ ከመንግሥት የሚያገኘውን የእርሻ ድጋፍ እንዲያጣ የሚያደርግ ሕግ ወጣ።

ውጤቱ በ2019 ዓ.ም. በታተመ አንድ ሳይንሳዊ ጥናት ውስጥ በግልጽ ታይቷል። ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ በአሜሪካና በካናዳ የነበሩት ወፎች ቁጥር ወደ ሦስት ቢሊዮን ያህል ቀንሷል። ከሁሉ የተጎዱት የሣር ሜዳ ወፎች ናቸው፤ ከግማሽ በላይ ጠፍተዋል። ዳክዬና ዝይ ግን በዚያው ጊዜ 56 በመቶ ጨምረዋል። የአየር ንብረቱ አንድ ነው፤ ምድሩም አንድ ነው። ከልዩነቱ ዋና ምክንያቶች አንዱ ለዳክዬ ከፋይ መገኘቱ ነው፤ ከፋዩም አዳኙ ነው። መነጽር ያንጠለጠለው እንግዳ ለሆቴሉ፥ ለራቱና ለነዳጁ ይከፍላል እንጂ ለውሃው የሚከፍልበት የተደነገገ መንገድ እንደ አዳኙ የለውም። ቴምብሩን በፈቃዱ የሚገዛ ተመልካች ቢኖርም ግዴታ የለበትም። በእኛ አስተያየት የወፍ ጉብኝት የሚባለው ንግድ ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው፦ የሚሸጠውን ዕቃ የሚያኖርለትን መጋዘን ኪራይ ሌላ ሰው ይከፍልለታል።

በሁለተኛው ቀን ቡድኑ ወደ ቻፕሊን ሐይቅ ሄደ። ይህ ሐይቅ ከሙስ ጆ ከተማ በስተምዕራብ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዋናው አውራ ጎዳና ዳር የሚገኝ ጨዋማ ሐይቅ ነው። ከሩቅ የሚታየው ነጭ ክምር ለእንግዳ ሰው በረዶ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሶዲየም ሰልፌት የሚባለው ጨው ነው። ለልብስ ሳሙና ዱቄት፥ ለመስታወት፥ ለወረቀትና ለጨርቅ ፋብሪካዎች ያገለግላል። ፋብሪካው በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን የአሠራሩ ዘዴ ለአገራችን ባለ ኢንዱስትሪዎች ሊጠቅም ስለሚችል እንገልጸዋለን። በሙቀቱ ወራት የሐይቁ ውሃ በግድብ ወደ ተከለሉ ኩሬዎች ይገባል፤ ፀሐይና ነፋስም እያተነኑት ጨዋማነቱ ይበረታል። ይህ ጨው በሞቀ ውሃ ውስጥ በብዛት ይሟሟል፥ ውሃው ሲቀዘቅዝ ግን መሟሟቱ በድንገት ይቀንሳል፤ ስለዚህ የመፀው ሌሊት ሲበርድ ጨው በራሱ ጊዜ ወደ ታች ይነጠፋል። ማገዶም ኤሌክትሪክም አይጠይቅም። የቀረው ውሃ ተመልሶ ይለቀቃል፤ የተነጠፈው ጨው በክረምት በማሽን ይዛቃል። ከክብደቱ ግማሽ የሚበልጠው በውስጡ የታሰረ ውሃ ስለ ሆነ እርሱን ለማስወገድ በመጨረሻ በእሳት ይደርቃል።

ታዲያ ጨው የሚዛቀው ወፎቹ ከሄዱ በኋላ ነው። በውሃው ውስጥ የሚኖሩት፥ ርዝመታቸው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ብራይን ሽሪምፕ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጡራን ግን በሙቀቱ ወራት ሁሉ ለወፎቹ ቀለብ ይሆናሉ። ለማዕድኑ ሥራ የተሠሩት ግድቦችና መዝጊያዎችም ለወፎች ጥበቃ ከሚሠራ ማኅበር ጋር በመተባበር የውሃውን ከፍታ ለመጠበቅ አገልግለዋል። ሐይቁ በ1997 ዓ.ም. በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ለውሃ ዳር ወፎች እጅግ አስፈላጊ ከሆኑት ሥፍራዎች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። በዓመት ከመቶ ሺህ በላይ ወፎች ያርፉበታል፤ የሚበዙት በግንቦት ሲሆን በመፀው ቀስ በቀስ ያልፋሉ። ተጓዦቹ በደረሱ ጊዜ አብዛኞቹ አልፈው ነበር፤ ሆኖም ምንቃሩ ወደ ላይ የታጠፈው አቮሴት የተባለው ወፍ በመንጋ ሆኖ ውሃውን በምንቃሩ ግራና ቀኝ ሲያጭድ አገኙት።

የዚሁ ወፍ የቅርብ ዘመድ በእኛ አገር በአብያታ ሐይቅ ዳር ይታያል። ስለ ቻፕሊን ያወራነውም በዚሁ ምክንያት ነው። አብያታም ጨዋማ ሐይቅ ነው፤ በእርሱም ዳር በ1980ዎቹ ዓመታት የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተሠርቶ ውሃው በፓምፕ እየተሳበ በፀሐይ በሚተንንባቸው ኩሬዎች ውስጥ ሲገባ ኖሯል። ነገር ግን አብያታ ውሃ የሚያገኘው በአብዛኛው ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ሲሆን፥ ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ የሚወሰደው ውሃ ከዓመት ወደ ዓመት ጨምሯል። ገቢው ሲቀንስ ወጪው ቀጠለ። ሐይቁ ከቀድሞ ስፋቱ ከግማሽ በላይ አጥቷል፤ ጨዋማነቱ በመጨመሩም ዓሣው አለቀ። በሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች ዓሣ የሚያጠምዱት በአብያታ ነበርና ቁጥራቸው እጅግ ቀነሰ። ጥፋቱን ሁሉ በፋብሪካው ላይ መጫን ትክክል አይሆንም፤ ውሃውን የወሰዱት ብዙዎች ናቸው፥ እያንዳንዱም ለብቻው ሲታይ ሒሳቡ ልክ እንደ ፕሬሪው ገበሬ ትክክል ነው። በቻፕሊን የነበረው በአብያታ የጎደለው ግን ቀላል ነገር ነው፦ ውሃ የሚወስዱት ሁሉ በአንድ ላይ ተቀምጠው ለሐይቁ ምን ያህል ይቅር ብለው የተስማሙበትና የሚቆጣጠሩት ከፍታ።

ይህን ማንሣታችን የሚሸጥ ነገር ስላለን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ800 በላይ የወፍ ዓይነቶች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም በሌላ አገር ፈጽሞ የማይታዩ አሉ። ክሬንም ቢሆን አለን። ከፊንላንድና ከኢስቶኒያ የሚነሡ ክሬኖች በመፀው ተጉዘው ኢትዮጵያ መድረሳቸው በሳተላይት መከታተያ የተረጋገጠ ነው፤ በጣና ሐይቅ ዙሪያ እንደ ሳስካችዋኖቹ ሁሉ ሌሊቱን በውሃ ዳር አድረው ቀኑን በታጨደ ማሳ ላይ ቃርሚያ ሲለቅሙ ይውላሉ። የስብሰባ ቡድን ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ለዕረፍት ቀን ጉዞ ሲያዘጋጁ በዚህ በኩል ቢያስቡ መልካም ነው። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በባቱ (ዝዋይ) ከተማ፥ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን በሚያስጠጉበት ዳርቻ፥ ፔሊካንና አባ ኮዳ የዓሣውን ትራፊ ሲሻሙ በቅርብ ይታያሉ፤ ለዚህ መነጽር እንኳ አያስፈልግም። ወደ አብያታና ወደ ሻላ ለሚቀጥሉት የፓርኩ መግቢያ በዚያው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ከሰሜን የሚመጡት ወፎች የሚበዙት ከኅዳር እስከ የካቲት ሲሆን፥ ማለዳ ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉ የተሻለ ነው። ወፍራም ልብስና ትኩስ ቡና የያዘ ቴርሞስ አይረሳ፤ በሐይቁ ዳር የሚነፍሰው የማለዳ ነፋስ ብርቱ ነው።